የባዮኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ምርጫ፦ ከመተማ ዮሐንስና ከምዕራብ ጎንደር ቆላ አንጻር

መግቢያ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ውጤት የሚያመጡ ተማሪዎች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ሆኗል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ይህን መስመር ያለፉት 3.3 ከመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.2 ከመቶ፣ ከ2016 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ናቸው። በዚህ ጠባብ በር አልፎ ከመተማ ዮሐንስ፣ ከኮኪት፣ ከገንዳ ውሃ ወይም ከሽንፋ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የትምህርት መስክ የሚመርጠው ለራሱ ብቻ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ቆይታው በወጪ መጋራት ቢሸፈንም ቤተሰቡ በአራትና በአምስት ዓመታት ውስጥ በእርሻው ላይ የሚያጣው ጉልበት አለ፤ ተማሪው ሲመረቅ የሚጠብቀው ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅትም ይኖራል። ምርጫው ከተሳሳተ ማረሚያ የሚሆን ሁለተኛ ዕድል በቀላሉ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ ከምርጫዎቹ አንዱን፣ ባዮኬሚስትሪን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ማጥናትን፣ ነጥሎ ይመለከታል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው በ«ሥራ አለው ወይስ የለውም?» መልክ ነው። እንዲህ ያለው አቀራረብ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን ግን አይበቃም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ጎልተው የሚታዩት የጤናና የግብርና ችግሮች ወደ ውስጥ ሲታዩ የባዮኬሚስትሪ ጥያቄዎች ሆነው ይገኛሉ። ትምህርቱ በሀገሪቱ የተደራጀበት መንገድ ግን እነዚህን ጥያቄዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እጅ አርቆ አስቀምጧቸዋል። ከዚህ በታች የሚቀርበው መከራከሪያ፣ ተማሪው በቅድሚያ ሊመዝነው የሚገባው የዲግሪውን ስም ሳይሆን በዲግሪው ውስጥ የሚያገኘውን የቤተ ሙከራ ሥራ ነው የሚል ነው።

ትምህርቱ የሚገኝበት ቤት

ባዮኬሚስትሪ በሁለት ቤት ያደገ ትምህርት ነው። ፌሊክስ ሆፐ-ዛይለር እ.ኤ.አ. በ1877 በጀርመን የፊዚዮሎጂያዊ ኬሚስትሪ መጽሔትን ሲመሠርት ትምህርቱ በዋናነት የሕክምና አጋዥ ሆኖ ይታይ ነበር። ከሃያ ዓመታት በኋላ ኤድዋርድ ቡክነር ሕያው የእርሾ ህዋስ ባይኖርም ከእርሾ የተጨመቀው ፈሳሽ ብቻውን ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ አሳየ፤ በዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚያ ወዲህ የኢንዛይም ሥራ ከሕክምና ውጭም በራሱ የሚቆም የኬሚስትሪ ጉዳይ ሆነ። (የጠላ ብቅል አብቃይ እናቶች የገብሱ ኢንዛይም ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥበትን ጊዜና እርጥበት በእጃቸው ያውቁት እንደነበር ማስታወስ እዚህ ላይ ከቦታው አይወጣም።) በብዙ ሀገሮች ትምህርቱ ለብቻው የሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ እስከ መሆን የደረሰው ከዚህ ለውጥ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን የቀደመው ቤት ገዝፎ ይታያል። ባዮኬሚስትሪ በአብዛኛው በሕክምና ኮሌጅ ሥር የተደራጀ ትምህርት ክፍል ሆኖ ለሕክምና፣ ለፋርማሲና ለሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪዎች ኮርስ ይሰጣል፤ በራሱ ስም ተማሪ የሚቀበለው ደግሞ በዋናነት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ነው። ለመተማ የሚቀርበው ትልቅ ተቋም፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ይህን ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ስለሆነ የሕይወት ኬሚስትሪ ወደ ግቢው የገባው በጤና በር ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ያሉት የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የባዮቴክኖሎጂ ትምህርቶች ጉዳዩን እያንዳንዳቸው በአንድ ወገን ይነኩታል፤ ሙሉውን ግን አይይዙትም።

«ባዮኬሚስትሪ ልምረጥን?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ስለዚህ በአንድ ሳይሆን በሁለት ውሳኔዎች ያልፋል። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ሲሆን ምደባው የሚከናወነው በትምህርት ሚኒስቴር ነው። ሁለተኛው ትምህርት ክፍል መምረጥ ነው፤ ይህም የሚወሰነው በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ውጤትና በትምህርት ክፍሎቹ የመቀበል አቅም ነው። በቆላው ትምህርት ቤት ቢሬትና ፒፔት በሥዕል ብቻ ያየ ተማሪ በዚህ ሁለተኛ ውድድር የሚገጥመው በደንብ በተደራጀ ቤተ ሙከራ ከተማረ የከተማ ተማሪ ጋር ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶችን መዝጋቱና መንገድ ማቋረጡ ልዩነቱን አስፍቶታል።

ካላዛር፦ ከሌላ አህጉር በመጣ ፕሮቲን መመርመር

በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛር የሚታወቅ በሽታ ነው። ጥገኛ ነፍሱ ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ ይባላል፤ አስተላላፊዋ ፍሌቦቶመስ ኦሬንታሊስ የተባለችው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ አፈር ስንጥቆችና የግራርና የበደኖ ዛፎች በሚገኙበት ስፍራ ትኖራለች። በሽታው በተለይ የሚያጠቃው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን፣ ሌሊቱን በማሳ ላይ የሚያሳልፉትን ወቅታዊ ሠራተኞች ነው፤ የቆላ በሽታን ያልለመደ ሰውነት ይዘው ይመጣሉና። የረጅም ጊዜ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና የሰውነት መክሳት ያስከትላል፤ ካልታከመም ይገድላል።

በጤና ተቋማት በስፋት የሚሠራበት ፈጣን ምርመራ አርኬ39 በተባለ ፕሮቲን ላይ የቆመ ነው። ፕሮቲኑ 39 አሚኖ አሲዶች እየተደጋገሙ የሚመጡበት የጥገኛ ነፍሱ ክፍል ሲሆን በታማሚው ደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ከእርሱ ጋር ሲጣበቅ በወረቀቱ ላይ መስመር ይታያል። አሠራሩ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሪክም አይጠይቅም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኮክሬን ግምገማ እንዳመለከተው ምርመራው በሕንድ ክፍለ አህጉር ታማሚዎችን የመለየት አቅሙ 97 ከመቶ ገደማ ሲሆን በምሥራቅ አፍሪካ ግን ወደ 85 ከመቶ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ ካላዛር ካለባቸው መቶ ሰዎች መካከል አሥራ አምስት ያህሉ ምርመራው «ነፃ ናችሁ» ሊላቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከጣፊያ በመርፌ ናሙና መውሰድ ነው፤ ይህም የሠለጠነ እጅና የደም መፍሰስ ቢደርስ ሊረዳ የሚችል ሆስፒታል ይፈልጋል።

ለልዩነቱ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ሁለቱ በቀጥታ የባዮኬሚስትሪ ናቸው። አንደኛው፣ ፕሮቲኑ የተወሰደው በደቡብ አሜሪካ ከሚገኝ የሌይሽማኒያ ዝርያ በመሆኑ የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ከምሥራቅ አፍሪካው ዝርያ ጋር በሁሉም ቦታ አይገጥምም። ሁለተኛው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ታማሚዎች የሚያመነጩት ፀረ እንግዳ አካል መጠን በአማካይ ዝቅ ይላል። በኋላ የተሠራው አርኬ28 የተባለው ፕሮቲን የሱዳንን የጥገኛ ነፍስ ዝርያ መነሻ ማድረጉ የመጀመሪያውን ማብራሪያ ከቁም ነገር የቆጠረ እርምጃ ነው። በገንዳ ውሃ ሆስፒታል ወይም በመተማ ዮሐንስ ጤና ጣቢያ ምርመራውን የሚያከናውን ባለሙያ ውጤቱን ለማንበብ ይህን ማወቅ ላያስፈልገው ይችላል፤ ምርመራው ለምን እንደሚስት ለመጠየቅና ናሙናውን ጠብቆ ለጥናት ለማቅረብ ግን ያስፈልገዋል። በፕሮቲን ምንነት ላይ የሚያተኩር የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒቶቹም የዚሁ ታሪክ ክፍል ናቸው። አምፎቴሪሲን ቢ የጥገኛ ነፍሱን ሽፋን የሚያፈርሰው በሽፋኑ ውስጥ ካለው ኤርጎስቴሮል ጋር በመጣበቅ ነው፤ የሰው ህዋስ በዚያ ፈንታ ኮሌስትሮል ስለሚይዝ መድኃኒቱ ጠላትን ከወዳጅ በከፊል ይለያል። «በከፊል» የሚለው ቃል በኩላሊት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያስታውሳል። የአንቲሞኒ መድኃኒቶች ደግሞ ጥገኛ ነፍሱ ራሱን ከኦክሲጅን ጉዳት የሚጠብቅበትን ትራይፓኖታዮን የተባለ ሥርዓት ያውካሉ፤ የሰው ህዋስ ለዚህ ተግባር የሚጠቀመው ግሉታታዮንን ነው። በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደው የካላዛርና የኤች.አይ.ቪ. ታማሚዎች የሕክምና ሙከራ አምፎቴሪሲንን ከሚልቴፎሲን ጋር አጣምሮ መስጠትን ደግፏል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ጥምረት መክሯል። ከዚህ ቆላ የተነሣ መረጃ የዓለምን መመሪያ እስከ መለወጥ ደርሷል ማለት ነው። ለመተማ ይበልጥ የሚቀርበው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ በስብ ከረጢት የታሸገው አምፎቴሪሲን ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይቀመጥ ይታዘዛል፤ በመተማ የበጋ ቀን የውጭ ሙቀት ደግሞ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ከማሳው

ሰሊጥ የአካባቢው የኑሮ ምሰሶ ነው። የዘሩ ግማሽ ያህሉ ዘይት ሲሆን የዘይቱ አብዛኛው ክፍል ኦሌይክና ሊኖሌይክ የተባሉት የስብ አሲዶች ናቸው። ሊኖሌይክ አሲድ በቀላሉ ከኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል፤ የሰሊጥ ዘይት ግን ከሌሎች የአትክልት ዘይቶች የተሻለ የሚቆየው ሴሳሚንና ሴሳሞሊን የተባሉ ውሑዶችን፣ ሲሞቅም ከሴሳሞሊን የሚወጣውን ሴሳሞልን ስለሚይዝ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ በአንድ ስም የሚገበያይ ሲሆን የደረጃ ምደባው በዘሩ ቀለም፣ በንጽሕናውና በባዕድ ነገር መጠን ላይ ያተኩራል። በሞቃት መጋዘን ወራትን ያሳለፈ ሰሊጥ ዘይቱ ውስጥ ምን እንደደረሰ በዓይን አይታይም። ገበሬው ግን የሚሸጠው ዘይቱን ጭምር ነው።

ማሽላ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። አቀንጭራ የተባለው አረም በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚነጥቅ ሲሆን የአረሙ ደቃቃ ዘሮች በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝተው ይቆያሉ፤ የሚነቁት የማሽላው ሥር ስትራይጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ሲለቅ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማፍለቅ ነው። የእርሳቸው ቡድን በኋላ እንዳሳየው ከመቋቋሚያ መንገዶቹ አንዱ ሥሩ የሚለቀውን የኬሚካል ዓይነት መለወጥ ነው፤ አንድ ዘረ-መል ሥራውን ሲያቆም ማሽላው የአቀንጭራን ዘር አጥብቆ የሚቀሰቅሰውን ትቶ ደካማ ቀስቃሽ የሆነውን ኦሮባንኮልን በብዛት ይለቃል። አረሙ አስተናጋጁ መምጣቱን ሳያውቅ ተኝቶ ይቀራል። ገበሬ ስለ አቀንጭራ የሚያውቀውን ሁሉ ሳያፈርስ ምክንያቱን በሞለኪዩል ደረጃ የሚያስረዳ ምሳሌ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ፕሮፌሰር ገቢሳ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዓለማያ ኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በአድዋ ወንዝ ዳር እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ሲያስተውሉ የጥገኛ ነፍሳት ተመራማሪ ነበሩ። የእንዶዱ ገዳይ ሳፖኒን በስማቸው ለማቶክሲን ተብሎ ቢጠራም ሞለኪዩሉ የተነጠለውና መዋቅሩ የተጠናው በአሜሪካ ነው። ከሁለቱ ሊቃውንት ታሪክ የሚወጣው ነገር ለምርጫው ሁለት ጎን አለው። ወደ ባዮኬሚስትሪ ጥያቄ ለመድረስ ባዮኬሚስትሪ የሚል ዲግሪ ግዴታ አይደለም፤ ጥያቄው እዚህ ተነሥቶ መልሱ ሌላ ሀገር የሚሠራበት ምክንያት ደግሞ በአብዛኛው የመሣሪያና የሠለጠነ እጅ እጥረት ነው።

በየትኛው በር?

የመጀመሪያው ግምት የሥራ ፈቃድ ነው። በጤና ተቋም ላቦራቶሪ ለመሥራት የጤና ባለሙያ ምዝገባና የሙያ ፈቃድ ፈተና ያስፈልጋል፤ ይህ በር የሚከፈተው ለሕክምና ላቦራቶሪ ተመራቂ እንጂ ለባዮኬሚስትሪ ተመራቂ አይደለም። የኢንዛይምን ሥራ ከማንም በላይ የተረዳ ተመራቂ በሆስፒታል የጉበት ኢንዛይም የመለካት ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ነገሩ ግራ ቢያጋባም የታማሚውን ደኅንነት ለመጠበቅ የተሠራ ሥርዓት ስለሆነ ተማሪው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ «ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ወይም ተዛማጅ መስክ» የሚል ሐረግ የተለመደ ነው። «ተዛማጅ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚወሰነው ማስረጃውን በሚመረምረው የሰው ሀብት ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስሙ እምብዛም የማይታወቅ ዲግሪ የያዘ ተመራቂ በዚያ ጠረጴዛ ፊት ራሱን ማስረዳት ይኖርበታል፤ በኬሚስትሪ የተመረቀው ግን አይጠየቅም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ተመራቂው ዲግሪውን ለመቀበል ቢያንስ 50 ከመቶ እንዲያመጣ ይጠይቃል፤ ፈተናው በየፕሮግራሙ የሚዘጋጅ በመሆኑ ብዙ ተማሪ ባለው መስክ የማስተማሪያ ጽሑፍ፣ የቀደሙ ጥያቄዎችና አብሮ የሚያጠና ጓደኛ በቀላሉ ይገኛሉ።

ከእነዚህ በመነሣት የሚሰጠው ፍርድ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ከምርቃት ማግሥት ቤተሰቡን ማገዝ ለሚጠበቅበት ተማሪ የአራት ዓመቱ የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርት፣ ከዚያም በሥራ ላይ እያለ ወደ ሕክምና ባዮኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ መሻገር አስተማማኝ መንገድ ነው። የዚህ መንገድ ድክመት የኬሚስትሪ መሠረቱ ስስ መሆኑ ነው፤ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የፊዚካል ኬሚስትሪ እጥረት ብዙውን ተማሪ እንደሚፈትን በምረቃ ጥናት ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሒሳብና በኬሚስትሪ የጠነከረ፣ ጥቂት ዓመት መታገሥ የሚችል ተማሪ ኬሚስትሪን መርጦ የባዮሎጂ ኮርሶችን ቢጨምርበት ይሻለዋል። ፋርማሲ አምስት ዓመት የሚወስድ ቢሆንም በሁለቱ መካከል ያለ ጠንካራ ድልድይ ነው። ባዮቴክኖሎጂ በዘረ-መል ላይ ያተኮረ ጥሩ ትምህርት ሲሆን መሣሪያ በሌለበት ግቢ ግን በነጭ ሰሌዳ ላይ ብቻ እንዳይቀር ያሰጋል።

ባዮኬሚስትሪ ራሱ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በተከፈተበት ግቢስ? እዚያ ተማሪው ለትምህርት ክፍሉ ሊያቀርበው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ በሦስተኛው ዓመት በሳምንት ስንት ሰዓት በራሱ እጅ ይሠራል? አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር ለአርባ ተማሪ ከሆነ ሠላሳ ስምንቱ ተመልካች ናቸው። ለሪኤጀንት መግዣ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋና መብራት ተቋርጦ ማቀዝቀዣው ሲሞቅ የሚቀረው ምንድን ነው? መልሱ «ትምህርቱ በንድፈ ሐሳብ ይቀጥላል» ከሆነ ኬሚስትሪን መምረጥ ይሻላል።

በቢሬት የሚሠራ ባዮኬሚስትሪ

የመሣሪያ እጥረት ግን የትምህርት ክፍሎች ሁልጊዜ ሊጠለሉበት የሚችሉበት ጥላ አይደለም። ለመመረቂያ ጥናት ውድ መሣሪያ የማይጠይቁ ጥያቄዎች በመተማ ማሳና መጋዘን ሞልተዋል። የሰሊጥ ዘይት ምን ያህል ከኦክሲጅን ጋር እንደተዋሐደ ለማወቅ የሚያገለግለው የፐርኦክሳይድ ልኬት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የተመዘነ ዘይት በአሴቲክ አሲድና በክሎሮፎርም ድብልቅ ይሟሟል፤ ፖታሲየም አዮዳይድ ሲጨመርበት በዘይቱ ውስጥ ያሉት ፐርኦክሳይዶች አዮዲንን ነፃ ያወጣሉ፤ ነፃ የወጣው አዮዲን መጠኑ በታወቀ የሶዲየም ታዮሰልፌት ሙሙት ከቢሬት በጠብታ ይለካል፤ የስታርቹ ሰማያዊ ቀለም ሲጠፋ ልኬቱ አለቀ። በዘይቱ ውስጥ የተለቀቁት የስብ አሲዶች መጠንም በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና በፌኖልፍታሌን በተመሳሳይ መንገድ ይታወቃል። ሚዛን፣ ቢሬት፣ ጥቂት ብርጭቆና የጭስ መሳቢያ በቂ ናቸው።

አንድ ተማሪ ከኅዳር አጨዳ በኋላ ከአንድ ማሳ የተገኘን ሰሊጥ ከፍሎ፣ ከፊሉን በመተማ ዮሐንስ ቆርቆሮ መጋዘን፣ ከፊሉን በጎንደር ቀዝቃዛ ክፍል ቢያስቀምጥና እስከ ግንቦት በየወሩ ቢለካ፣ የስብ ኦክሲዴሽንን ከመጽሐፍ ምዕራፍ አውጥቶ የአካባቢው ነጋዴ በሚገባው ቋንቋ ሊያቀርበው ይችላል። ናሙናው በተመሳሳይ ማሸጊያ ሊያዝ፣ የመጋዘኑ ሙቀት በየቀኑ ሊመዘገብ፣ እያንዳንዱም ልኬት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሊደገም ይገባል። መንገድ በሚዘጋበት ወር የሚጎድለው ናሙና በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ሆኖ ይታይ እንጂ በግምት አይሞላ። ለመነሻ የሚያስፈልገው ናሙና ከአንድ ኩንታል አይበልጥም፤ እርሱንም ከማኅበራቱ ወይም ከገበሬው በውሰት ማግኘት ይቻላል።